የሐይቆቹ መንገድ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ የመኪና ሽርሽር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በሐዋሳ የቀረበ፤ ከተቀረጸ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል። ስለ ጦርነት አልናገርም፤ ስለ ሥርወ መንግሥትም አልናገርም። የምናገረው ስለ ሽርሽር ነው። አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ መኪናውን አስነሥቶ፣ በሞጆ ታጥፎ፣ ዝዋይንና ላንጋኖን እያየ፣ ሻሸመኔን አልፎ እኛ ዘንድ ሐዋሳ እስኪደርስ ድረስ ስለሚያደርገው የ275 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ነው። ይህን ጉዞ በየዓመቱ እናየዋለን። በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን የከተማችን መንገዶች በአዲስ አበባ ታርጋ ይሞላሉ፤ የሆቴል ክፍል ይወደዳል፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ዋጋ ይጨምራል። ስላየነውና ስለለመድነው ግን ታሪክ ያለው ነገር አይመስለንም። እኔ የማቀርበው ክርክር ታሪክ አለው የሚል ነው፤ ያ ታሪክም ዛሬ በእጃችን ያለ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ጥሎልናል።

አስቀድሜ ጉዳዩን በሰፊው ዓለም መካከል ላስቀምጠው። በመኪና የሚደረግ የባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የደቡብ ፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው፤ ኒስ፣ ካን፣ ሞናኮ። ያ ዳርቻ ግን ከፍጥረቱ ጀምሮ የሀብታሞች መዝናኛ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ የዓሣ አጥማጆችና የወይራ ገበሬዎች አገር ነበር። የምድር ባቡር ኒስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። «ኮት ዳዙር»፣ ማለትም «ሰማያዊው ዳርቻ» የሚለውን ዝነኛ ስም የሰጠው እስቴፋን ሊዬዣር የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች፣ እንግሊዞችና ሩሲያውያን መሳፍንት፣ ይመጡ የነበረው ከብርድ ለመሸሽ በክረምታቸው ወራት እንጂ ለመዋኘት በበጋ አልነበረም። የበጋው ፋሽን የመጣው በ1920ዎቹ ነው። ተራው ሠራተኛ ደግሞ ወደዚያ መጓዝ የቻለው የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1936 ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ካጸና በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ውብ ዳርቻ ተፈጥሮ ብቻውን የሚሠራው አይደለም። ዳርቻው ከበሽታ የተጠበቀ ሊሆን ይገባል፤ መንገድ ሊደርሰው ይገባል፤ ማደሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ተጓዡም ጊዜ፣ ገንዘብና የመንቀሳቀስ ነፃነት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው ውሃ ዳር የነበረ መሬት የመዝናኛ ስፍራ የሚሆነው። በእኛ አገር እነዚህ አራቱ እንዴትና መቼ ተገጣጠሙ? ለማንስ ተገጣጠሙ? ንግግሬን በዚህ ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

በጤናው እጀምራለሁ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ማለትም ዝዋይ ወይም ደንበል፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ ዓባያና ጫሞ፣ ከመኪና በፊትም ሰው ነበረባቸው። በዝዋይ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ በታንኳ እየተመላለሰ፣ ዓሣ እያጠመደና እያረሰ ኖሯል፤ በቱሉ ጉዶ ደሴት የደብረ ጽዮን ገዳምም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ጠብቋል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው መስክ አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሰፊ ግጦሽ ነበር። የአርሲ ኦሮሞ እረኞችም በላንጋኖና በሻላ ዙሪያ ከብት ያጠጡና አምቦ ውሃ ያልሱ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ሐይቁ ኑሮ ነው፤ ሄደው የሚጎበኙት ነገር አይደለም።

ለደጋው ሰው ግን ቆላው የንዳድ አገር ነበር። በዝናብ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት ወራት ወደ ሸለቆው መውረድ በሞት ላይ እንደ መፍረድ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ለሽርሽር ያማረ የምንለው ወር፣ ምድሪቱ በአደይ አበባ የምታጌጥበት ጊዜ፣ ለአባቶቻችን የወባ ወር ነበር። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ ማንም ልጆቹን ይዞ በሐይቅ ዳር ሊያድር አይችልም። ለውጡ የመጣው መድኃኒትና የፀረ ወባ ርጭት ሲስፋፋ ነው። በአገራችን የወባ ማጥፊያ አገልግሎት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሐዋሳ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን መሆናቸውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የከተማችንን ልደት ስናወሳ ዘወትር የምናነሣው የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ነው፤ ግድግዳችንን እየዞሩ የረጩትን ሠራተኞች የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔ ግን ያለ እነርሱ ይህች ከተማ ዛሬ የምናውቃት ልትሆን አትችልም ነበር ባይ ነኝ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለብዙ ዓመታት ግን መኪና የነበረው ሰው እንኳ መሄጃ አልነበረውም። የከተማው መኳንንት የሚዝናናው ባቡር በሚደርስበት ስፍራ፣ በተለይም በቢሾፍቱ ነበር፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ያረፉት እነ ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቅ ለዋና ከተማይቱ ቅርብ ናቸው። የኢጣሊያ ወረራ መንገዶችን ሠራ፤ የሠራው ግን ለጦር መኪና ነው፤ ከወረራው በኋላም ብዙው መንገድ በጥገና እጦት ፈረሰ። ወሳኙ ዓመት 1943 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለአውራ ጎዳና ተበደረች፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይህ ብድር ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ መካከል ነው። የብድሩ ዓላማ ሽርሽር አልነበረም፤ ቡናን ከሲዳሞ፣ እህልን ከአርሲ ወደ ገበያ ማውጣት ነበር። ሽርሽረኛው ቡና በተጓዘበት መንገድ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዘ ማለት ይቻላል። ከሲዳሞ ቡና ጭኖ የሚወጣው የጭነት መኪናና ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ጭና የምትወርደው ቮልስዋገን በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ ይተላለፉ ነበር።

በመንገዱም ላይ አዲስ ውሃ ተጨመረ። በኢጣሊያ የጦር ካሣ ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር፣ ከሞጆ እንደወጡ የሚታይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። ስለዚህ ዛሬ ተጓዡ «የመጀመሪያው ሐይቅ» ብሎ ለልጆቹ የሚያሳየው ቆቃ ዕድሜው ከሐዋሳ ከተማ ጋር እኩል ነው።

ሦስተኛው ማደሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ተወለደ። ድርጅቱ አገሪቱን ለጎብኚ የሸጠበት መንገድ ሁለት መልክ ነበረው። ሰሜኑ፣ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር፣ «የታሪክ ጉዞ» ተባለ፤ የውጭ አገር ጎብኚም ከከተማ ወደ ከተማ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላን ይዘዋወርበት ነበር። ደቡቡ ግን የመኪና አገር ሆነ፤ የሐይቅ፣ የወፍና የፍል ውሃ አገር። ይህ ክፍፍል ለጎብኚ ምቾት ሲባል የተደረገ ይምሰል እንጂ በአእምሯችን ላይ የተወው አሻራ ከባድ ነው። ሰሜኑ ታሪክ ያለው፣ ደቡቡ ተፈጥሮ ብቻ ያለው ተደርጎ ተሳለ። በአዳሬ መስክ ላይ የነበረው የሲዳማ ሕዝብ፣ የራሱ የዘመን አቆጣጠርና የራሱ የሽማግሌ ሸንጎ እያለው፣ በሥዕሉ ውስጥ አልነበረም፤ ካለም እንደ ዳራ ነበር። የታሪክ ክፍላችን ዛሬም ይህንን አሳሳል ለማረም እየሠራ ነው።

ማደሪያውን በተግባር ያቋቋሙት ከመንግሥት ይልቅ ግለሰቦች ናቸው። ከእነርሱ ሁሉ ስማቸው ከመንገዱ ጋር የተሳሰረው አቶ በቀለ ሞላ ናቸው። በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ የከፈቷቸው ሆቴሎች ጉዞን የማቀድን ዘዴ ራሱን ለወጡ። ከእነርሱ በፊት መንገደኛ የሚያድረው ዘመድ ወይም ወዳጅ ባለበት፣ አለዚያም ጠጅ ቤት አጠገብ ነበር። ከእነርሱ በኋላ ግን ቤተሰቡ «ምሳ ዝዋይ፣ አዳር ላንጋኖ» ብሎ አስቀድሞ ሊወስን ቻለ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ለዓይን አይስብም። ነገር ግን ቢልሃርዚያ የለበትም መባሉ ለዋናተኛው ከሰማያዊ ቀለም የበለጠ ዋጋ ነበረው። በሐዋሳ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ተከፈቱ፤ በአቅራቢያው ያለው የወንዶ ገነት ፍል ውሃም የጉዞው መደምደሚያ ሆነ። ነዳጅ ደግሞ ሼል፣ ሞቢል፣ አጂፕና ቶታል በየከተማው አቆሙ። የዘመኑን ተጓዥ ዕቅድ በሐሳባችን ብንገልጠው፣ የነዳጅ ማደያ፣ የመካኒክ፣ የምሳና የአልጋ ሰንሰለት ሆኖ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ እውነተኛ የባሕር ዳርቻም ነበራት። ከአስመራ ወደ ምፅዋ የሚወርደው የ115 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ ከጉም በላይ ጀምሮ በተራራ ወገብ እየተጠማዘዘ ቀይ ባሕር ላይ ያርፋል። በዓለም ዝነኛ ከሆኑት የሜዲትራኒያን ዳርቻ ጎዳናዎች ጋር ሊወዳደር የሚችል መንገድ ነው። ምፅዋ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥትና የባሕር ኃይል በዓል የሚከበርባት ከተማ ነበረች። ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የምትታሰበውም ለባለ ሥልጣንና ለአስመራ ነዋሪ ነበር። ሐይቆቹ የተወደዱት ከባሕር ስለበለጡ አይደለም፤ በአንድ ቀን የሚደረስባቸው ስለሆኑ ነው። በ1982 ዓ.ም. ምፅዋ ከመንግሥት እጅ ስትወጣ፣ በኋላም ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን፣ ሐይቆቹ ብቸኛው ዳርቻችን ሆነው ቀሩ። «ባሕር ዳር እንሂድ» ማለት ለአንድ ትውልድ ጣና ወይም ሐዋሳ ማለት የሆነው እንዲህ ነው።

አራተኛው ጊዜ፣ ገንዘብና ነፃነት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይህን ጉዞ ያደርግ የነበረው በጣም ጥቂት ሰው ነው፤ ባለ መኪናው መኳንንት፣ የመንግሥት ከፍተኛ ሠራተኛ፣ የውጭ አገር ዲፕሎማትና መምህር፣ ነጋዴ። ዕረፍት በሥራ ሕግ የተጻፈ መብት መሆን ሲጀምር እንኳ፣ መብቱን በመኪና የሚጠቀምበት ሠራተኛ እጅግ ጥቂት ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተናወጠ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ትልልቅ ሆቴሎችም ተወረሱ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ለታሪክ ፍርድ ክፍት መተው አለበት። በአንድ በኩል፣ የግል የነበረው የሐይቅ ዳር መሬት የሕዝብ ተባለ። በሌላ በኩል፣ ሕዝቡ ወደዚያ የሚሄድበት መንገድ ተጠበበ። ነዳጅ በራሽን ሆነ፤ መኪና ቅንጦት ተባለ፤ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። የዘመኑ ተጓዥ ዕቅድ የሚጀምረው ከካርታ ሳይሆን ከፈቃድ ነበር። መሬቱን ለሕዝብ መስጠትና ሕዝቡን ከመንገድ ማገድ በአንድ ዘመን አብረው ኖሩ። የዳርቻ ባለቤትነትና ወደ ዳርቻ የመድረስ መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አላውቅም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። መንግሥት የወረሳቸው ሆቴሎች ብዙዎቹ ለግል ባለሀብት ተሸጡ። ሐዋሳ የክልል ዋና ከተማ ሆነች፤ ስብሰባ፣ ሥልጠናና ሠርግ ወደ ሐይቁ ዳር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርታቸውን እዚህ ከፈቱ፤ ከዚያም በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ቀጠሉ። ካርታውን ብትመለከቱት አቶ በቀለ ሞላ ከአርባ ዓመት በፊት የመረጧቸው የመቆሚያ ከተሞች መልሰው ተመረጡ። መንገድ የራሱ ትውስታ አለው፤ ሰው አንድ ቀን የሚነዳው ርቀትና የሚርበው ሰዓት በዘመን ብዙ አይለወጥም።

የደስታው መንገድ የሐዘንም መንገድ ሆኖ ያውቃል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በዝዋይ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ፤ የኃይሌ ሆቴሎችም በሁለቱ ከተሞች ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ የዚህ መንገድ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል፤ ዘመድ ጋ ይደውላል፤ ሹፌሮችን ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከሆቴል ምርጫና ከነዳጅ ሰልፍ ሁሉ ይቀድማል። የእቅድ ታሪክ የእምነት ታሪክም ነው የምለው ለዚህ ነው። ሰው በማያውቀው ከተማ ልጆቹን ይዞ ለማደር የሚደፍረው፣ ያ ከተማ እንግዳ እንደሚቀበለው ሲያምን ነው።

መንገዱም ራሱ እየተለወጠ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ተከፈተ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ከሚዘረጋው አዲስ የፍጥነት መንገድ ደግሞ እስከ ባቱ ያለው ክፍል፣ 92 ኪሎ ሜትር ያህሉ፣ በ2014 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። አሮጌው መንገድ በየከተማው መካከል ያልፍ ነበር፤ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከብቱ፣ የመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ሻጭ ሁሉ በላዩ ላይ ነበሩ። አደጋውም ብዙ ነበር፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። አዲሱ መንገድ የሰው ሕይወት ያድናል፤ ሰዓት ይቆጥባል። ግን ከተማን በሩቁ ያልፋል። በመቂ ሳይቆም ያለፈ መኪና በመቂ ሽንኩርት አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሜዲትራኒያን ዳርቻ አዳዲሶቹ የተራራ ወገብ ጎዳናዎች ሲሠሩም ይኸው ሆኗል፤ ተጓዡ ከላይ ሆኖ የሚያየው መንደር ሥዕል ሆነለት፤ ገበያው ግን ቀረበት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ የባትሪ መሙያ የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ የአዲሱ ተጓዥ ጭንቀት ሆኗል። ምናልባት ባትሪ መሙላት የሚወስደው ሰዓት መንገደኛውን መልሶ በየከተማው ያስቀምጠው ይሆናል። መሙያ የተተከለበት ከተማ የአዲሱ ዘመን «ምሳ ዝዋይ» ይሆናል ማለት ነው። የእኛም የከተማ አስተዳደር ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

አሁን በመግቢያዬ ወዳልኩት ያልተፈታ ጥያቄ ልምጣ። ዳርቻው የማን ነው?

ሕጉን እንመልከት። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ የሁላችን ነው። ከውሃው ጋር የሚዋሰነው መሬት ግን በሊዝ ይተላለፋል፤ ይታጠራል፤ በር ይበጅለታል፤ በሩ ላይም የመግቢያ ዋጋ ይለጠፋል። ውሃው የጋራ፣ ወደ ውሃው የሚያደርሰው እርምጃ ግን የሚሸጥ ሆኗል። ፈረንሳዮች ከመቶ ዓመት በላይ ዳርቻቸውን ለሆቴልና ለቪላ ከሸነሸኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1986 የዳርቻ ሕግ አወጡ፤ በውሃው አጠገብ ግንባታ እንዲገደብና የእግረኛ መተላለፊያ እንዲጠበቅ ደነገጉ። ዘግይተው ነው፤ የተሠራውን ማፍረስ ስለማይቻል ብዙ ቦታ አምልጧቸዋል። እኛ ገና አልዘገየንም።

አልዘገየንም የምለው ያለንን ስለማውቅ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከጥቁር ውሃ የሚገባው ሁሉ በተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል። ውሃው እየሞላ ከተማይቱን ባሰጋ ጊዜ የተሠራው የመከላከያ ግድብ ዛሬ መንሸራሸሪያችን ነው። በፍቅር ሐይቅ በኩል ማንኛችሁም ያለ ክፍያ ትሄዳላችሁ፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ ተማሪዎች ያጠናሉ፤ ሻጮች ቡናና ቆሎ ይሸጣሉ። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣል፤ አባ ኮዳዎች ከሰው ጋር ይጋፋሉ፤ ባለ ሪዞርቱ እንግዳና የቀን ሠራተኛው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የዓሣ ሾርባ ይጠጣሉ። በጉዱማሌ አደባባይ ደግሞ በየዓመቱ ፊቼ ጫምባላላ ይከበራል፤ ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ወካይ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አዳሬ መስክ ላይ ከተማ ሲቆረቆር ከሥዕሉ የወጣው ሕዝብ በሐይቁ ዳር በራሱ ስም ቆሟል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ ሐዋሳም የዚያ ክልል መዲና ሆናለች። እነዚህ ሦስት ስፍራዎች፣ መንሸራሸሪያው፣ የዓሣ ገበያውና የበዓሉ አደባባይ፣ ከየትኛውም ሪዞርት ይበልጥ ሐዋሳን ሐዋሳ ያደርጓታል።

ውሃውም ራሱ ዋስትና ይፈልጋል። ከላንጋኖ አለፍ ብሎ ያለውን አብያታን ተመልከቱ። ወደ እርሱ የሚፈስሰው ውሃ ለመስኖ ከዝዋይና ከቡልቡላ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሸ። ቀድሞ በመንገድ ዳር ቆሞ ፍላሚንጎ ያይ የነበረ ተጓዥ ዛሬ በነጭ ደረቅ ጨው ላይ ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። የሐዋሳ ጎረቤት የነበረው ጨለለቃም ሐይቅ መሆኑ ቀርቶ ረግረግ ሆኗል። አብያታ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይህ ከደረሰበት፣ ከተማ አጠገብ ያለው የእኛ ሐይቅ ምን ያህል ጥበቃ እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ማጠቃለያዬ ይህ ነው። በዚህ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ተጓዥ መርጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መንገድና ሆቴል ሰጠ፤ ለጥቂቶች። ደርግ መሬቱን ለሁሉም አወጀ፤ መንገዱን ግን ዘጋ። የእኛ ዘመን መንገዱን ከፈተ፤ ዳርቻውን ግን እያጠረ ነው። ወደፊት ማንም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ ሽርሽር ሲያቅድ፣ መድረሻው የሪዞርት በር ብቻ ከሆነ፣ ከአዳሬ የወረስነውን ክፍት መስክ አጥተናል ማለት ነው። በግንቡ ላይ ያለው መንሸራሸሪያ፣ የዓሣ ገበያውና ጉዱማሌ በሕግ ተከልለው ለሁልጊዜው የሕዝብ ሆነው እንዲጻፉ እኔ አንድ የታሪክ መምህር ሆኜ ሐሳብ አቀርባለሁ። ታሪክ ጸሐፊ ሕግ አያወጣም፤ ነገር ግን ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ እንዴት እንደነበር የመመስከር ግዴታ አለበት።

በመካከላችሁ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎችና ዓሣ አጥማጆች እንዳላችሁ አያለሁ። ከእኔ ይልቅ የምታውቁት ብዙ ነውና፣ በጥያቄና መልሱ ሰዓት ቅድሚያውን እናንተ እንድትወስዱ በትሕትና እጠይቃለሁ።